ዲሲ-3 እና ኮንስቴሌሽን፦ የሥራ ዘመናቸውና ዕጣቸው

የዳግላስ ኩባንያው የመንገደኞች አውሮፕላን ዲሲ-3 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1935 ሲሆን፣ የሎክሂድ ኩባንያው ኮንስቴሌሽን ደግሞ በ1943 ነው። በአሠራር ከተመዘኑ ብልጫው ያለ ጥርጥር የኮንስቴሌሽን ነው፤ ባለአራት ሞተር በመሆኑ ውቅያኖስ ያቋርጣል፣ የመንገደኞች ክፍሉ የአየር ግፊቱ የተጠበቀ ስለሆነም ከብዙው ደመናና ማዕበል በላይ ከፍ ብሎ ይጓዛል። በመልክም ቢሆን ባለሦስት ጅራቱን የሚስተካከል አላየሁም። ባለሁለት ሞተሩ ዲሲ-3 ይህ ሁሉ የለውም።

ዕጣቸውን የለየው ግን ይኸው ብልጫ ነው። የኮንስቴሌሽን ባለ18 ሲሊንደር ሞተሮች፣ በተለይም ከጭስ ማውጫው ኃይል የሚቀበሉ ተርባይኖች ከተጨመሩባቸው ወዲህ፣ ብዙ ጥገና የሚጠይቁ ነበሩ፤ በ1958 የጄት አውሮፕላኑ ቦይንግ 707 በረጅም መስመሮች ላይ ሲሰማራም አውሮፕላኑ የተሠራበትን ሥራ ተነጠቀ። ከተመረቱት 856 ኮንስቴሌሽኖች አብዛኞቹ ለጥቂት ዓመታት ጭነት ካመላለሱ በኋላ ተሰባብረው ለብረታ ብረት ተሸጡ። አንዱ በኒውዮርክ የኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያ መጠጥ ቤት ሆኗል (ሹመት ይሁን ሽረት አንባቢ ይፍረድ)።

ዲሲ-3 ከወታደራዊ አምሳያዎቹ ጋር ከ10,000 በላይ ስለተመረተ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በርካሽ ይገኝ ነበር፤ መለዋወጫውም አልጠፋም። ባልተነጠፈ አጭር ሜዳ ላይ ስለሚያርፍ ጄቶቹ ሥራውን ሊወስዱበት አልቻሉም። በአሜሪካ ኦሽኮሽ ከተማ ቱርቦፕሮፕ (በጋዝ ተርባይን ፕሮፔለር የሚያዞር) ሞተር ተገጥሞላቸው አካላቸው የረዘመ አንዳንዶቹ፣ በበረዶ መንሸራተቻ እያረፉ በአንታርክቲካ ሳይንቲስቶችንና ጭነትን ያመላልሳሉ።