ቅንፍ ውስጥ የቀረው ቁጥር፦ ከደሴ የገዛሁት ካልኩሌተር

ከደሴ ሰኞ ገበያ አለፍ ብሎ ካለ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር፣ 11ኛ ክፍል ለምትማረው የእኅቴ ልጅ ሳይንሳዊ ካልኩሌተር ከገዛሁ ሁለት ወር አልፎኛል። ሻጩ «አብሽር ጋሼ፣ ይሄ የማይበትነው ቁጥር የለም» ስላለኝ 150 ብር አስቀንሼ ወሰድኩት። በዋጋው ቅሬታ የለኝም፤ የምገመግመው ንግግሩን ነው።

መሣሪያው እስከ 10 አሃዝ ያለውን ሙሉ ቁጥር ወደ ብቸኛ አካፋዮቹ፣ ማለትም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ ወደሌላቸው ቁጥሮች፣ የሚተነትን ቁልፍ አለው። መጀመሪያ የሰጠሁት 32 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲጨመርበት የሚገኘውን 4,294,967,297ን ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፌርማ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ብቸኛ ነው ብሎ የገመተውን ይህን ቁጥር፣ ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1732 በ641 እንደሚካፈል አሳይቶ ግምቱን አፍርሶታል። ካልኩሌተሩም ወዲያው 641×(6700417) ብሎ አወጣው።

«ጋሼ፣ ቅንፉ ምንድን ነው?» አለች ልጅቱ፤ ጉድለቱም እዚያው ላይ ነው። የሚሞክረው እስከ 997 ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ ስለሆነ፣ የተረፈው ቁጥር ከቀጣዩ ብቸኛ ቁጥር ከ1009 ስኩዌር፣ ማለትም ከ1,018,081፣ ካላነሰ ሳይመረምር በቅንፍ ይተወዋል። 6,700,417 በእርግጥ ብቸኛ ነው። 1,234,567,890ን ስንሰጠው ደግሞ 2×3²×5×(13717421) አለን፤ ይህ በቅንፍ የቀረው ግን ብቸኛ አይደለም። ለሁለቱም ያንኑ ቅንፍ መስጠቱ ተማሪን ያሳስታል።

የተረፈውን ከ1009 ጀምሮ በየብቸኛ ቁጥሩ መሞከር ከ300 ጊዜ በላይ ማካፈልን ይጠይቃል። እኛ ግን የዚያኑ የፌርማን ሌላ ዘዴ ተጠቀምን (ግምቱ ቢስትም ዘዴው አልሳተም)፦ ቁጥሩ የሁለት ስኩዌሮች ልዩነት ሆኖ ከተገኘ፣ የሁለቱ ሩቶች ልዩነትና ድምር ሲባዙ ያንኑ ቁጥር ይሰጣሉ። የ13,717,421 ስኩዌር ሩት 3703.7 ገደማ ነውና ከ3704 ጀመርን፤ ከ3704 ስኩዌር ላይ ቁጥሩን ስንቀንስ 2,195 ተረፈ፤ ይህ የማንም ሙሉ ቁጥር ስኩዌር አይደለም። ከ3705 ስኩዌር ላይ ስንቀንስ ግን 9,604 መጣ። ልጅቱ ደብተሯ ላይ ጥቂት ሞነጫጭራ «98 ጊዜ 98!» አለች። እንግዲህ 98ን ከ3705 ስንቀንስ 3607፣ ስንደምር 3803 አገኘን፤ ሁለቱ ሲባዙ 13,717,421 ይሰጣሉ። ስኩዌሮቹን ያሰላልን ያው ካልኩሌተር መሆኑን አልክድም።

ስክሪኑ ከ10 አሃዝ በላይ ስለማይዝ፣ 111,111,111 በራሱ ሲባዛ የሚሰጠውን 12,345,678,987,654,321ን አጠጋግቶ መልኩን ያጠፋዋል። ቁልፎቹ ለጣት ይመቻሉ። በፀሐይም በባትሪም ስለሚሠራ፣ የደሴ ጉም በወረደበት ጠዋት እንኳ ስክሪኑ አልደበዘዘም።