ሻኛ የገባበት በርገር ፍለጋ፦ ሰባት ቅዳሜ በአዲስ አበባ በርገር ቤቶች

ባለፈው መስከረም፣ ከመስቀል በዓል ቀጥሎ በነበረው ቅዳሜ፣ አምስት ጓደኛሞች በየሳምንቱ አንድ በርገር ቤት እየሄድን ለመቅመስና የቀመስነውን በጽሑፍ ለማስቀመጥ ተስማማን። ቀኑን ቅዳሜ ያደረግነው ከመካከላችን ሁለቱ ረቡዕና ዓርብ ስለሚጾሙ ነው። ማብቂያውንም ያለ ብዙ ክርክር የወሰነልን ጾም ነው፤ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ ከዚያ በፊት ሰባት ቤት ማዳረስ ነበረብን፣ አዳረስንም። ቤቶቹን በስማቸው ሳይሆን በሰፈራቸው እጠራቸዋለሁ፤ አንድ ቅዳሜ የተበላ አንድ በርገር የሰውን እንጀራ ለመንቀፍ በቂ ማስረጃ ነው ብዬ አላምንም።

ደንባችን ጥቂት ነበር። በየቤቱ የምናዝዘው ተራውን ቺዝ በርገር ብቻ ነው። የከተማችን ሜኑዎች «ስፔሻል» እያሉ የሚያቀርቡት፣ እንቁላልና ሞርታዴላ የሚደራረብበት በርገር ሆድ መሙላቱን አልክድም፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ጭነት ከሥር ያለው ሥጋ ምን እንደሚመስል እንዳይታወቅ ያደርጋል። ሁለተኛው ደንብ ማንም ሰው ነጥቡን በወረቀት ሳያሰፍር አስተያየቱን እንዳይናገር የሚከለክል ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን ከመካከላችን ድምፁ ጎላ የሚለው መሐንዲስ ገና አንድ ጊዜ ጎርሶ «አሪፍ ነው» ሲል የቀረነው ራሳችንን ስንነቀንቅ ስለተያዝን የወጣ ደንብ ነው። ሥጋው ከ10፣ ዳቦው ከ5፣ ቺፕሱ ከ3፣ መስተንግዶው ከ2 ይታረማል። «እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል» የሚለው ትግል እንዳይነሳም እንደ እቁብ እኩል አዋጥተን፣ ባንክ ቤት የምትሠራውን ጓደኛችንን ገንዘብ ያዥ አደረግናት።

ሌላም ሊነገር የሚገባው ነገር አለ። ከአምስታችን አንዷ ሙስሊም ስትሆን፣ ሁለቱ ጾመኞች ደግሞ የእስላም ሥጋ አይበሉም። አገራችን ውስጥ አብሮ በልቶ ለመገምገም የሚነሳ ቡድን ይህን ሳያስብ ቢነሳ አንዱ ሰው ሁልጊዜ ባዶ ሳህን ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ ሙስሊሟ ጓደኛችን በስድስቱ ቤቶች የቺፕሱ፣ የዳቦውና የአስተናጋጁ ዳኛ ሆነች፤ በእውነቱ ከሁላችንም የከፋች ዳኛ እሷ ነበረች። የሥጋው ነጥብ የሚወጣው በበሉት ሰዎች ቁጥር ተካፍሎ ነው።

ወደ ቤቶቹ ከመግባቴ በፊት ስለ ሥጋው ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም በሰባቱ ቅዳሜዎች ካወራነው ውስጥ ግማሹ የዚህ ጉዳይ ነበር። ከጾመኞቹ አንዱ የሉካንዳ ቤት ልጅ ነው፤ አባቱ ሉካንዳ ውስጥ ቢላዋ ሲስል ያደገ። እሱ እንደሚለው፣ አብዛኞቹ በርገር ቤቶቻችን ለበርገር የሚገዙት ለክትፎ የሚመረጠውን ዓይነት ሥጋ ነው፤ ጅማቱ የወጣ፣ ስቡ ተጠርጎ የተጣለለት፣ ቀይ። ለክትፎ ይህ ትክክል ነው፤ ስቡን ተክቶ የሚገባ የተነጠረ ቅቤ አለውና። በርገር ግን ከውጭ የሚጨመርለት ቅቤ የለውም፣ የራሱን ስብ ይዞ እሳት ላይ መውጣት አለበት። በርገር በተስፋፋበት በአሜሪካ ሥጋ ቆራጮች በተለምዶ ከመቶው ሃያ እጅ ያህል ስብ የሚያስገቡት ለዚህ ነው። ያንን ያህል ስብ የሌለው ሥጋ ብረት ምጣድ ላይ ሲያርፍ ውኃውን ይለቅና በራሱ ውኃ ይቀቀላል፤ አውጥተው ዳቦ ውስጥ ሲከቱት የሚያኝኩት ነገር ደረቅ ፍርፍር ነው። በሬያችን ታርዶ በዕለቱ ወይም በማግሥቱ የሚበላ፣ ዕድሜውን በሥራ ያሳለፈ፣ ጡንቻው የጠነከረ በሬ ሲሆን ደግሞ ችግሩ ይብሳል።

የመጀመሪያው ቤት ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ያለ ነው። መብራቱ፣ ወንበሩ፣ በግድግዳው ላይ የተሳለው አበባ ሁሉ ፎቶ ለማንሳት የተሰናዳ ነው፤ በርገሩም እንዲሁ። በእንጨት ስንጥር ተወግቶ እንደ ሐውልት ቆሞ መጣ፣ ቁመቱም ከአንድ ሰው አፍ በላይ ነበር። ስንጥሩን ስንነቅለው ዳቦው ወደ አንድ ጎን፣ ሰላጣው ወደ ሌላ ጎን ሄደ። ሥጋው የሉካንዳው ልጅ የነገረን ያ ቀይ ሥጋ ነው፤ ብዙ ካቻፕና ማዮኔዝ የፈሰሰበትም ደረቅነቱን ለማስታገስ ይመስላል። ይበልጥ ያስከፋን ግን ሂሳቡ ነው። ሜኑው ላይ 780 ብር የተባለው በርገር፣ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲታከልበት 858 ብር ሆነ፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲመጣ ደረሰኙ ላይ 986 ብር ከ70 ሳንቲም ተጻፈ። ቫቱ ሕግ ነው፣ እንከፍላለን፤ ሆኖም ሰው ትዕዛዙን የሚወስነው ሜኑው ላይ ባየው ዋጋ ስለሆነ፣ ከ200 ብር በላይ የሚጨምረውን ነገር ከገጹ ግርጌ በጉንዳን ፊደል መጻፍ ተገቢ አይደለም። ገንዘብ ያዧ ደረሰኙን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያ ወዲህ በየቤቱ ከመቀመጣችን በፊት «ዋጋው ቫትን ይጨምራል ወይ?» ብላ የምትጠይቀው እሷ ናት።

ሃያ ሁለት ባለው ቤት የሆነው አጭርና አሳፋሪ ነው። ሜኑው «200 ግራም ንጹሕ የበሬ ሥጋ» ይላል። የሉካንዳው ልጅ ከቤቱ ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ይዞ መጥቶ ነበርና አስተናጋጁ ዘወር ሲል ከአንዱ በርገር ላይ ሥጋውን ብቻ አውጥቶ መዘነው፤ 118 ግራም። ሥጋ ሲበስል ክብደቱ ሩብ ያህል፣ አንዳንዴም እስከ ሲሶ እንደሚቀንስ እናውቃለን፤ እንዲህም ቢታሰብ ከ200 ግራም ቢያንስ 130 መቅረት ነበረበት። አስተናጋጁ ተመልሶ ሚዛኑን ሲያይ ምን እንደሆነ ጠየቀን፤ «የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፣ እየመዘንኩ ነው የምበላው» አለው ጓደኛችን። ልጁ ከልቡ አዝኖ ያለ ስኳር ሻይ ልጋብዝህ ስላለው የመስተንግዶው 2 ነጥብ ሳይጎድል ተሰጠ።

ፒያሳ የሄድነው ግማሽ በትዝታ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሰፊው የፒያሳ ክፍል ከፈረሰ በኋላ በሕይወት ከቀሩት አሮጌ ካፌዎች በአንዱ፣ ልጆች ሳለን የምናውቀው ዓይነት በርገር አሁንም ይሠራል፤ ሥጋው ስስ፣ በደቃቅ የተከተፈ ሽንኩርት የገባበት፣ ዳቦው ከሰፈር ዳቦ ቤት የመጣ ክብ ዳቦ። ይህን በርገር ከአዲሶቹ ጋር ማወዳደር እንደማይገባ ከመሐንዲሱ ጋር ረጅም ክርክር ገጠምን። እሱ በርገር ሳይሆን «ዳቦ በኮተሌት ነው» ይላል። እኔ ግን ሥጋው ስስ መሆኑ ከመድረቅ እንዳዳነው፣ ሽንኩርቱም የጎደለውን ወዝ እንደተካው አይቻለሁና ከሥጋው 10 ላይ 7 ሰጠሁ። አልጸጸትም።

ቦሌ ሚካኤል ላይ ነገሩ ተገለበጠ። የበሉት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ጾመኞቹ ቺፕስና የአቮካዶ ጭማቂ ይዘው ተቀመጡ፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ የሌላ ሰው ሳህን ስታይ የምትከርመው ጓደኛችን ደግሞ ሁለት በርገር አዘዘች። አካባቢው ብዙ ሶማሌዎች የሚኖሩበት ስለሆነ ምግቡም የእነሱ እጅ አለበት። ሥጋው በከሙንና በድንብላል የተለወሰ፣ ከጎኑ ደግሞ ባስባስ የሚሉት አረንጓዴ የቃሪያ ማባያ የሚቀርብበት ነው። ቅመም የበዛበት በርገር ከኮፍታ አይለይም የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል፤ እኔም ይህን በግማሽ እቀበላለሁ። ባስባሱ ግን በካቻፕ ምትክ በየቤቱ ቢቀርብ የሚያስመኝ ነው። ለመሆኑ ዳጣና አዋዜ ባለበት አገር በርገር ቤቶቻችን ጣፋጭ ካቻፕ ላይ ለምን እንደተጣበቁ አይገባኝም።

ሳር ቤት ያለው ቤት ዳቦውን ራሱ ይጋግራል፣ ከሰባቱም በዳቦ አንደኛ ነው። ለስላሳ ነው፣ ግን ሲጫኑት ተመልሶ ይነሳል። ውስጡ በቅቤ ተቀብቶ ምጣድ ላይ ስለሚገላበጥ ከሥጋው የሚወጣው ወዝ ሰርጎ አያበሰብሰውም፤ እስከ መጨረሻው ጉርሻ ድረስ በእጅ ይያዛል። ቺዙም እዚሁ አገር የሚመረት ፕሮቮሎኔ ነው፣ ከፕላስቲክ እንደሚላጠው ቢጫ ቺዝ አይደለም። ሥጋው ደህና ነው፤ ከደህና አያልፍም።

ስለ ሲኤምሲው የምለው ብዙ የለኝም። መብራት ጠፍቶ፣ ጄነሬተሩም እምቢ ብሎ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠብቀን የቀዘቀዘ ቺፕስ በላን።

የመጨረሻው ገርጂ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ አንድ ኮንቴይነር ውስጥ ያለ ቤት ነው። ስድስት ዱካ አለው፤ ሌላው ሰው ቆሞ ይበላል። ባለቤቷ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ ሴት ናቸው፣ ደንበኛው ሁሉ «እትዬ» ይላቸዋል። ሥጋውን ሲሠሩ ከፊት ለፊታቸው ቆመን አየን። የተፈጨውን ሥጋ ሳያሹ፣ በእጃቸው መዳፍ ድብልብል አድርገው የጋለው ብረት ላይ ያስቀምጡታል፤ ወዲያው በጠፍጣፋ ብረት አንድ ጊዜ ይጫኑትና ከዚያ በኋላ አይነኩትም። ጠርዙ ቡናማ ሆኖ እንደ ዳንቴል ሲሰነጣጠቅ ይገለብጡታል፣ ቺዙን ይጥሉበታል፣ ዳቦውን ይደፉበታል። ጨው የሚነሰንሱት ሥጋው ብረቱ ላይ ካረፈ በኋላ ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ጨው ቀድሞ ከገባማ ቋሊማ ሆነ’ኮ ልጄ» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው፣ ቀድሞ የገባ ጨው የተፈጨ ሥጋን ያጣብቀዋል።

የሉካንዳው ልጅ አንድ ጊዜ ጎርሶ ማኘኩን አቆመ። ደንቡን ጥሶ፣ ወረቀቱ ላይ ምንም ሳይጽፍ፣ «እትዬ፣ ሻኛ አለበት አይደል?» አላቸው። ሳቁ። ሦስት እጅ ዳቢት፣ አንድ እጅ ሻኛ፣ ጠዋት ጠዋት ራሳቸው ሉካንዳ ሄደው አስመርጠው፣ እዚያው ፊታቸው አስፈጭተው ይመጣሉ። ሰባት ሳምንት ስንለፈልፍለት የነበረው ስብ፣ ጥሬ ሥጋ ቤት የሚያውቅ ሰው ሁሉ «ከሻኛው ጨምርልኝ» እያለ የሚለምነው ያ የበሬ ትከሻ ላይ ያለ ጮማ ኖሯል። እሳት ሲነካው ቀልጦ ሥጋውን ከውስጥ ያረሰርሰዋል፤ በሌላ ስብ የማላውቀው ጣፋጭነትም አለው።

በደንብ የበሰለ ነበር፣ ያውም ሳይደርቅ። ይህን የምለው ክትፎን ጥሬውን የምንበላ ሰዎች በርገር ለምን ይብሰል እንላለን የሚል ጥያቄ በመካከላችን ደጋግሞ ስለተነሳ ነው። በማሽን የሚፈጭ ሥጋ ከላይ ያለው ቆሻሻ ወደ ውስጥ ስለሚደባለቅ የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ይብሰል ይላል፤ ስብ ያለው ሥጋ ይህን ይችላል፣ ቀዩ ሥጋ አይችልም።

የገርጂው ቤት ጉድለት የለውም አልልም። ቺፕሱ ልምሽልሽ ነው፤ ሙስሊሟ ጓደኛችን ከ3 አንድ ብቻ ሰጥታ፣ ድንቹ ሁለት ጊዜ መጠበስ እንደነበረበት ከወረቀቱ ጀርባ ጽፋለች። እጅ መታጠቢያው ከኮንቴይነሩ ጀርባ ያለ ጀሪካን ነው። ሰላሳ አምስት ደቂቃ ጠብቀናል። እንዲያም ሆኖ ከ20 አሥራ ሰባት አግኝቶ የሳር ቤቱን በአንድ ነጥብ በለጠው፤ ቦሌ መድኃኔዓለም ያለው በ9 መጨረሻ ሆነ። ዋጋው 420 ብር ነው፣ ሌላ የሚጨመር የለም፤ በጥሬ ገንዘብ ወይም በቴሌብር ይከፈላል። እትዬ የሚያስፈጩት ለዕለቱ የሚበቃቸውን ያህል ብቻ ስለሆነ ቅዳሜ የሚሄድ ሰው ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት ቢደርስ ይሻለዋል፤ እኛ ስንወጣ፣ ገና 8 ሰዓት ሳይሞላ፣ ከኋላችን ተሰልፈው የነበሩትን ሁለት ወጣቶች «አልቋል፣ ሰኞ ኑ» ብለው ሲመልሷቸው ሰምተናል።