ስብን ከውሃ ለመለየት የትኛውን እንግዛ? ፋትሳት፣ ስቲር እና ዲክሰን

የኤምአርአይ ማሽን ሊገዛ የመጣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው በቴስላ የሚለካውን የማግኔቱን ጉልበት ነው። ቀጥሎ ግን ስለ ስብ ይጠይቁ። ስብ በብዙ ምስሎች ላይ ደምቆ ስለሚወጣ በአጠገቡ ያለ እብጠት ወይም ዕጢ በድምቀቱ ውስጥ ይሸሸጋል። ይህን ስብ ከምስሉ ለማጥፋት ወይም ከውሃው ለመለየት ማሽኑ ከሚጠቀምባቸው ዘዴዎች ሦስቱን እናወዳድር፤ ፋትሳት፣ ስቲር እና ዲክሰን።

ፋትሳት የስብ ምልክት የሚርገበገብበትን ድግግሞሽ ብቻ መርጦ ያፍናል። የስብና የውሃ የድግግሞሽ ልዩነት በ1.5 ቴስላ ወደ 220 ኸርዝ፣ በ3 ቴስላ ወደ 440 ኸርዝ ነው። ዘዴው ፈጣን ነው፤ ምስሉን የሚያጎላው መድኃኒት ጋዶሊኒየም ከተወጋ በኋላም ያገለግላል። የማግኔቱ መስክ ወጥ በማይሆንበት ቦታ ግን ይከሽፋል፤ የአንገት ምስል ላይ በአንድ ወገን ስቡ ጠፍቶ በሌላው ወገን እንደ በሽታ ደምቆ ይቀራል።

ስቲር የሚመሠረተው ከራዲዮ ሞገድ ምት በኋላ የስብ ምልክት ከውሃው ቀድሞ በማገገሙ ላይ ስለሆነ የመስኩ መዛባት እምብዛም አይበግረውም። አጥንቱ በብሎን ለታሰረ ታካሚ የምመርጠው እሱን ነው። የስብና የውሃ የድግግሞሽ ልዩነት 45 ኸርዝ ገደማ ብቻ በሆነበት የ0.3 ቴስላ ማሽንም ከፋትሳት ይሻላል። ግን ጊዜ ይፈጃል፣ ምልክቱም ይሳሳል። ከጋዶሊኒየም በኋላ ፈጽሞ አይጠቀሙበት፤ መድኃኒቱ የገባበትን ዕጢ ከስቡ ጋር ሊያጠፋው ይችላል።

ለሆድ ምርመራ ምርጫዬ ያለማመንታት ዲክሰን ነው። ቶማስ ዲክሰን በ1984 ያቀረበው ሐሳብ ቀላል ነው፤ በ1.5 ቴስላ በ2.3 ሚሊሰከንድ ገደማ የውሃና የስብ ምልክቶች ይቃረናሉ፣ በ4.6 ይገጥማሉ። በእነዚህ ሁለት ጊዜያት የተነሡትን ምስሎች ሲደምሩ ውሃው፣ ሲቀንሱ ስቡ ለብቻው ይወጣል። በፈጣን ቅደም ተከተል ታካሚው ለ15 ወይም ለ20 ሰከንድ ትንፋሹን ሲይዝ መላው ጉበት በአራት ዓይነት ምስል ይወጣል፤ የተቃረኑበት፣ የገጠሙበት፣ የውሃ ብቻ እና የስብ ብቻ። ስቡና ውሃው በተቃረኑበት ምስል ላይ የኩላሊቱ ዳር በጥቁር ቀለም የተሰመረ ይመስላል፤ ስብ ያዘለ ጉበት ደግሞ ይጠቁራል።

እንከኑ መለዋወጥ ነው። ስሌቱ ሲሳሳት የምስሉ አንድ ክፍል ውሃው ስብ፣ ስቡ ውሃ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ሻጩ የሚያሳይዎትን ያማረ የጉበት ምስል ብቻ አይመኑ፤ የአንገትና የትከሻ ምስል ከነአራቱ ዓይነት ያስከፍቱ። የዲክሰን ዘዴ በአምራቹ በጂኢ ማሽን አይዲያል ወይም ፍሌክስ፣ በፊሊፕስ ኤምዲክሰን ይባላል፤ ሲመንስ ዲክሰን ብሎ ይጠራዋል። በብዙ ጊዜያት የተነሡ ምልክቶችን (ማሚቶዎችን) ተጠቅሞ የጉበትን ስብ በመቶኛ የሚለካው የዲክሰን ዓይነት ግን ብዙውን ጊዜ የራሱ የሶፍትዌር ፈቃድ ስላለው፣ ዋጋው ውስጥ መካተቱን ውል ሳይፈርሙ በጽሑፍ ያረጋግጡ።