ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ? ለኪራይ ቤት የሚገዛ ሰው ሰፈር ሲመርጥ

ወሎ ውስጥ ቤት ገዝቼ ላከራይ ብሎ ደላላ ያናገረ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው «ሰፈሩ ሞቅ ያለ ነው» የሚለውን ነው። ሞቅ ያለ ሰፈር ግን ዋጋውም ሞቅ ያለ ነው። ኪራዩን የሚከፍለው ተከራዩ እንጂ ሰፈሩ ስላልሆነ፣ እኔ ሰፈሮችን ሳወዳድር የምነሳው «ማን ይከራየዋል?» ከሚለው ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። የዓመቱ ኪራይ ለጠቅላላ ወጪው ይካፈላል፤ የግዢው ዋጋ፣ ኮሚሽኑ፣ የስም ማዛወሪያው፣ ለተከራይ እስኪዘጋጅ የሚወጣው እድሳት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ጠቅላላ 5 ሚሊዮን ብር የፈጀ ቤት በወር 20 ሺህ ቢከራይ በዓመት 240 ሺህ ያስገባል፤ 4.8 በመቶ ነው። አንድ ወር ባዶ ከተቀመጠ 4.4 ይሆናል። ጥገናና የኪራይ ገቢ ግብር ገና አልተነሱም፤ የግብሩ ከፍተኛ እርከን 35 በመቶ ድረስ ይሄዳል። ባንክ ለቁጠባ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ መሆኑን ያስታወሰ ሰው፣ ቀሪውን የሚሞላለት የቤቱ ዋጋ መጨመር መሆኑን ያያል። ዋጋ ይጨምራል ብሎ መግዛት ክፋት የለውም፤ ኪራይ ነው ብሎ ራስን መሸወድ ነው ክፉው።

የደሴ መሀል፦ ፒያሳና አራዳ

እዚህ የሚገዛው መኖሪያ ሳይሆን የመንገድ ፊት ነው። ነጋዴ ደንበኛው የለመደውን ሱቅ በቀላሉ አይለቅም፤ ስለዚህ ባዶ ወራት ጥቂት ናቸው። በመቶኛ ሲሰላ ግን መግቢያው ውድ ስለሆነ ትርፉ ይሳሳል። ፎቅ ያለው ሕንፃ ላይ ደግሞ ምድር ቤቱ ነው ፎቁን የሚያበላው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ክፍል በምድሩ ሱቅ ሒሳብ ተሰልቶ ከቀረበላችሁ አትቀበሉ። ካፒታሉ ላለውና እንቅልፉን ለሚወድ ሰው ጥሩ ነው።

ሆጤ፣ ቧንቧ ውሃና መሰሎቻቸው

ለእኔ ደሴ ውስጥ ለኪራይ የሚሆነው እንዲህ ያለው ሰፈር ነው። ተከራዩ መምህር፣ ነርስ፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከገጠር ልጁን ለትምህርት ያስገባ ቤተሰብ ነው፤ ገቢው ትንሽ ቢሆንም ወር በገባ ቁጥር አለ። ዋናው ጥያቄ ቪላውን ለአንድ ቤተሰብ መስጠት ነው ወይስ ሰርቪሶቹን በየክፍሉ ማከራየት? ቀደም ባለው ምሳሌ 20 ሺህ የሚከራየው ግቢ ስድስት ክፍል ወጥቶት እያንዳንዱ በ5 ሺህ ቢያዝ 30 ሺህ ይሆናል፤ 4.8 የነበረው 7.2 ደረሰ ማለት ነው።

ልዩነቱ በነፃ አይመጣም። ስድስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ላይ ሲኖር ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ምጣድ እኩል ይጣዳል፣ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ሊጡ ይኮመጥጣል፣ ከዚያ «እኔ ቀድሜ ነው የጣድኩት» ይጀመራል። ወሩ ሲያልቅ ማቀዝቀዣ ያለውና አንድ አምፖል ብቻ ያለው እኩል ይክፈሉ ሲባሉ ስልክ የሚደወለው ለአከራዩ ነው። ስለዚህ ክፍል ከመቁጠራችሁ በፊት ቆጣሪ ቁጠሩ፤ ሮቶ አለው ወይ፣ ሽንት ቤቱ ስንት ሰው ይችላል ብላችሁ ጠይቁ።

ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር የተዘረጋች ከተማ ናት፤ ተዳፋቱ ላይ መሬት መንሸራተት የታወቀ ችግር ነው። ቤቱን በበጋ ብቻ አይታችሁ አትዋዋሉ። ነሐሴ ላይ ሂዱና የግድግዳውን ማዕዘን ስንጥቅ፣ የድጋፍ ግንቡን፣ የጎረቤት ጎርፍ የሚወርድበትን ቦይ እዩ። አዲስ ቀለም የተቀባ ማዕዘን ካያችሁ በጣታችሁ ዳብሱት።

ጢጣ

እዚህ የደሴ ሰፈር ላይ ደላላ «ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ነው» ሲላችሁ በጥንቃቄ ስሙት። መደበኛ ተማሪ ዶርም ያድራል። ተከራዩ መምህሩ፣ ሠራተኛውና የማታው ተማሪ ነው። መግዣው ከመሀል ከተማ ከቀለለ ያዋጣል፤ ካልቀለለ አያዋጣም።

ኮምቦልቻ

ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ሲወረድ ነገሩ ይለወጣል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ናቸው፤ ደሴ ብርዱ፣ ኮምቦልቻ ሙቀቱ ነው ቤት የሚያስመርጠው። አየር ማረፊያው፣ ደረቅ ወደቡ፣ ፋብሪካዎቹ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሁሉም እዚህ ናቸው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ አጠገቡ ክፍል የሠራ ሰው ተከራይ እንደሚያገኝ ግልጽ ነበር፤ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጆች ሦስትና አራት ሆነው አንድ ክፍል ይይዛሉና በካሬ ሜትር ሲሰላ ኪራዩ ጥሩ ነው።

ግን ተከራዩ ሁሉ በአንድ ገመድ ላይ ነው። ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. ከአሜሪካ የአጎዋ ቀረጥ ነፃ ዕድል ወጣች፤ በዚያው ዓመት ጦርነቱ ደሴንም ኮምቦልቻንም አዳረሰ። ለውጭ ገበያ የሚሰፋ ፋብሪካ ሲቀዘቅዝ ክፍሎቹ አንድ ላይ ነው ባዶ የሚሆኑት። ደሴ ላይ አንዱ ሲለቅ አንዱ ይገባል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ ከደሴ የተሻለ መቶኛ ካላገኛችሁ ለምን ትወርዳላችሁ? «የአዋሽ–ወልድያው ባቡር ሲጀምር እኮ...» ለሚል ደላላ ዛሬ የሚከፈለውን ኪራይ ብቻ ጠይቁት።

ከአረብ አገር ለሚገዙ

ቤተሰብ ያስተዳድረዋል ብላችሁ የምትገዙ፣ ስድስት ክፍል ለእናታችሁ ጭንቀት ነው። ኪራይ ቢቀንስም ቪላውን ለአንድ ቤተሰብ፣ ወይም የየራሳቸው ቆጣሪ ያላቸው ሁለት ሦስት ክፍሎች ምረጡ። መነሻ ኪራዩን ስትቆርጡ በደንብ አስቡበት፤ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በሚተገበርበት ከተማ ውሉ ቢያንስ የ2 ዓመት ነው፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር አይበልጥም፣ ጭማሪውም እንዳሻ አይደለም።

ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ካርታው ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓቱ ውጪ የተያዘ የቆየ መሬት) ነው ወይስ ሊዝ (ከመንግሥት በክፍያ ለተወሰነ ዘመን የሚያዝ) የሚለውን አጣሩ። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ነባር ይዞታ ከውርስ ውጪ ሲተላለፍ ገዢው መሬቱን በሊዝ ነው የሚይዘው፤ ያ ክፍያ መጀመሪያ ላይ ካልተደመረ የሠራችሁት መቶኛ ሁሉ የተሳሳተ ነው።