ዐሥሩ የማርቲን ቤክ መጻሕፍት፦ በመጠበቅ ልብ የሚያንጠለጥል ንባብ

«ልብ አንጠልጣይ» የሚለው ቃል በመጽሐፍ ሽፋን ላይ ሲታተም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቁመው ተኩስን፣ ማሳደድንና በየምዕራፉ የሚወድቅ ሬሳን ነው። ስዊድናውያኑ ማይ ሾቫልና ፐር ቫሎ እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1975 በጋራ የጻፏቸውን ዐሥር የወንጀል ልብ ወለዶች በእንግሊዝኛ ትርጉም አንብቤ ስጨርስ ግን፣ እኔን ለሳምንታት እንቅልፍ የነሳኝ ከመርማሪዎቹ ጋር አብሮ መጠበቅ እንደነበር ተረዳሁ።

የመጀመሪያው መጽሐፍ «ሮዝአና» የሚጀምረው በሐምሌ ወር፣ በአንድ የስዊድን ቦይ ላይ ጭቃ የሚዝቅ መርከብ የሴት አስከሬን ሲያወጣ ነው። በአስከሬኑ ላይ ልብስም ሆነ ማንነቷን የሚያሳውቅ ምልክት አልተገኘም። ስሟን ለማወቅ ብቻ ፖሊሶቹ ወራት ይፈጅባቸዋል፤ በመጨረሻም ከአሜሪካ፣ ከነብራስካ ግዛት የመጣች የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ መሆኗ ሲታወቅ፣ መርማሪው ማርቲን ቤክ በጎብኚዎች ጀልባ ላይ አብረዋት የተጓዙትን ሰዎች በየአገራቸው እያፈላለገ በጉዞው ያነሷቸውን ፎቶግራፎችና ፊልሞች ያሰባስባል። እስከዚያ ድረስ በአስከሬንነቷ ብቻ የምናውቃት ሴት በአንድ መንገደኛ ፊልም ውስጥ በሕይወት ሳለች የምትታይበት ቦታ፣ በዚህ ዘርፍ ካነበብኳቸው ሁሉ የበለጠ የነካኝ ነው። ደራሲዎቹ አንዲት የሐዘን ቃል አልጨመሩም፤ በፊልሙ የሚታየውን ብቻ ጽፈው አለፉ። መጽሐፉን ያን ሌሊት ሳልዘጋው ነጋ።

መጻሕፍቱ በቅደም ተከተል መነበብ አለባቸው የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ደራሲዎቹ ገና ከመነሻው ዐሥሩን እንደ አንድ ረጅም ታሪክ አቅደው፣ እያንዳንዱን በ30 ምዕራፍ ከፍለው፣ ሌሊት ልጆቻቸው ከተኙ በኋላ ምዕራፎቹን እየተከፋፈሉ ነው የጻፏቸው። የዚህ ዕቅድ ፍሬ ጎልቶ የሚታየው በአራተኛው፣ «ሳቂው ፖሊስ» በተባለውና እ.ኤ.አ. በ1971 የአሜሪካ ምስጢራዊ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ማኅበር የኤድጋር ሽልማት በሰጠው መጽሐፍ ነው። በኅዳር 1967 ዝናብ በሚጥልበት ምሽት፣ የስቶክሆልም ፖሊስ የቬትናምን ጦርነት የሚቃወሙ ሰልፈኞችን ለመቆጣጠር በአሜሪካ ኤምባሲ ዙሪያ በተሰማራበት ሰዓት፣ በአንድ አውቶቡስ ውስጥ ዘጠኝ ሰዎች በጥይት ይመታሉ። ከሟቾቹ አንዱ በቀደሙት መጻሕፍት የምናውቀው ወጣቱ መርማሪ ስቴንስትሮም ነው። ከአራተኛው መጽሐፍ የጀመረ አንባቢ ይህን እንደ አንድ ፍንጭ ይመዘግበዋል፤ ከመጀመሪያው የተከተለ ግን ባልደረባውን እንዳጣ ሰው ይደነግጣል። ከስቴንስትሮም ጋር ትኖር የነበረችው ሴት በኋለኞቹ መጻሕፍት ራሷ ፖሊስ ሆና ስትመለስም ትርጉሙ የሚገባው ለዚህ አንባቢ ነው።

ማርቲን ቤክ ራሱ ጀግና አይደለም። ሆዱን ያመዋል፣ ጉንፋን አይለቀውም፣ ትዳሩ ቀስ በቀስ ይፈርሳል፣ ቤቱ ሲገባ ትንንሽ የመርከብ ቅርጾችን ይገጣጥማል። በዙሪያው ያሉት ኮልበርግ፣ ያነበበውን የማይረሳው ሜላንደር፣ ቁጡው ጉንቫልድ ላርሰን እርስ በርስ ይነታረካሉ፤ ጉዳዩ መፍትሔ የሚያገኘው ግን ከአንድ ሊቅ አእምሮ ሳይሆን ከእነዚህ ሰዎች ድካም፣ ከስልክ ጥሪና ከተገለበጡ መዝገቦች ብዛት ነው።

ያልወደድኩትንም መጻፍ ይገባኛል። ሁለቱም ደራሲዎች ማርክሳውያን ነበሩ፤ በመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት በስዊድን መንግሥትና በፖሊስ አስተዳደር ላይ ያላቸው ትችት ከታሪኩ ውስጥ ሳይጎላ ይፈስሳል፣ ወደ መጨረሻዎቹ ስንደርስ ግን ትረካው እየቆመ ደራሲዎቹ በቀጥታ ሲናገሩ ይሰማል። በእነዚያ ገጾች ላይ ትዕግሥቴ ተፈትኗል፤ ምንም እንኳ በዘጠነኛው መጽሐፍ ኮልበርግ ከፖሊስነት ለመውጣት የሚደርስበት ውሳኔ ያ ቁጣ ባይኖር ኖሮ ይህን ያህል ባላሳመነኝ ነበር። ሌላው ጉድለት የእንግሊዝኛው እትም ነው። ዐሥሩን የተረጎሙት የተለያዩ ሰዎች ስለሆኑ የአነጋገሩ ለዛ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለዋወጣል፤ አዲስ መጽሐፍ በከፈትኩ ቁጥር የማውቃቸውን ሰዎች ድምፅ እንደገና ለመላመድ ጥቂት ገጾች ያስፈልጉኝ ነበር።

ለመግዛት የሚያስብ ሰው በ«ሮዝአና» ይጀምር፣ ሁለተኛውንም ከአጠገቡ ያኑር። እኔ ዘጠኙን እያንዳንዳቸውን በሁለትና በሦስት ሌሊት ጨርሻቸዋለሁ። የመጨረሻው «አሸባሪዎቹ» የወጣው ፐር ቫሎ በሞተበት በዚያው በ1975 ነው፤ ማይ ሾቫልም በ2020 አርፋለች። ዐሥራ አንደኛ መጽሐፍ እንደሌለ ስለማውቅ እርሱን እንደሌሎቹ ላነበው አልቻልኩም፤ በየምሽቱ አንድ ምዕራፍ ብቻ እያነበብኩ፣ ሠላሳውን ምዕራፍ ሠላሳ ቀን አቆየሁት።