ሲሞቅ ዝም፣ ሲበርድ ጠብ፦ ከሞተርሆሜ ማሞቂያ ጋር 14 ወር

መጀመሪያ ሞተርሆሙን ለሸጠልኝ ሰው። «ዝግ ሲስተም ነው፣ ፈሳሹ የትም አይሄድም» ብለኸኝ ነበር። ወንድሜ፣ ሄዷል። ባለፈው ክረምት ብቻ ወደ 6 ሊትር ሄዷል፤ የት እንደገባ ለማወቅ ሦስት ወር ፈጅቶብኛል።

መኪናው 12 ሜትር የሚሆን ያገለገለ የናፍታ ሞተርሆም (ውስጡ እንደ ቤት ሆኖ የሚታደርበት መኪና) ነው። የምንኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ጭነት መኪና ስነዳ ከርሜ ቅዳሜ ደግሞ ሌላ መሪ መጨበጤ ለባለቤቴ እስካሁን አልገባትም። ሞተሩም ፍሬኑም ደህና ናቸው፣ አላወራባቸውም።

ማሞቂያው እንዲህ ነው፦ በናፍታ የሚነድ ቦይለር ውሃና አንቲፍሪዝ (ውሃው በረዶ እንዳይሆን የሚከላከል ፈሳሽ) ያሞቃል፤ ፓምፖች ያንን በወለሉ ስር በተዘረጋ ቱቦ ወደ ሳሎን፣ ወደ መኝታና ወደ ውሃ ታንከሮቹ ይገፉታል፤ በየቦታው ያሉት ትንንሽ ራዲያተሮች ሙቀቱን በማራገቢያ ይበትናሉ። የሻወሩ ውሃም በዚያው ቦይለር ውስጥ በተጠማዘዘ ቧንቧ አልፎ ይሞቃል። ሲሠራ እንደሱ ያለ የለም። ሌድቪል፣ እዚሁ ኮሎራዶ ተራራ ላይ ያለች ከተማ፣ አድረናል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ከደባርቅም ይበልጣል። ውጭው በረዶ፣ ልጆቹ በባዶ እግራቸው።

ችግሩ ትርፍ ፈሳሹ የሚጠራቀምባት ጠርሙስ ናት። ፈሳሹ ሲሞቅ ያብጥና ወደ ጠርሙሷ ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይሳባል። ስለዚህ ልኩ መታየት ያለበት ጠዋት፣ ሁሉም ነገር በርዶ ሳለ ነው። በባለቤቴ የጥፍር ቀለም ምልክት አደረግኩ። በየጉዞው ግማሽ ሊትር ያህል ከምልክቱ በታች።

መጀመሪያ የቦይለሩን ክዳን ጠረጠርኩ። ክዳኑ ከደከመ ፈሳሹን መልሶ አይስብም፤ ጠርሙሱ ሞልቶ ቦይለሩ ይጎድላል። ቀየርኩት፣ ለውጥ የለም። ከዚያ አየር ነው አልኩ፤ አዲስ ፈሳሽ ሲሞላ የታፈነው አየር ቀስ እያለ ሲወጣ ልኩ ይወርዳል። ያ ግን አንዴ ሁለቴ ነው እንጂ ክረምቱን ሙሉ አይወርድም። የሞተሩን ኩላንት (ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) አየሁ፤ እሱና የቦይለሩ ፈሳሽ ሳይነካኩ ሙቀት የሚቀባበሉበት ክፍል ቢቀደድ የሞተሩ ይጨምር ነበር። አልጨመረም። የሻወሩ ቧንቧ ቢያፈስ ደግሞ የውሃ ፓምፑ ሲበራ ግፊቱ ውሃውን ወደ ቦይለሩ ያስገባና ጠርሙሷ ሞልታ ትፈስ ነበር። እሱም አይደለም።

ጋራዥ ወሰድኩት። ሰውዬው ቦይለሩን አስነሳ፣ በባትሪ ከስር አየ፣ «ደረቅ ነው» አለ። ቀጥሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ቦይለሩ ይቀየር»። የነገረኝን ዋጋ እዚህ አልጽፈውም፣ እናቴ ታነብ ይሆናል። እስከዚያው ብሎ ደግሞ ተራ የመኪና አንቲፍሪዝ ሊጨምርልኝ ነበር! የተለመደው የመኪና አንቲፍሪዝ ኤትሊን ግላይኮል ነው፣ መርዝ ነው። ያ ቦይለር ልጆቼ የሚታጠቡበትን ውሃ ያሞቃል። የሚገባው ፕሮፒሊን ግላይኮል ነው፣ ግማሽ በግማሽ ከተጣራ ውሃ ጋር። ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ።

ፍሳሹን ያገኘችው ባለቤቴ ሆነች። ከታችኛው የዕቃ ሳጥን ረከቦቱን ስታነሳ እግሩ ከምንጣፉ ጋር ተጣብቆ መጣ። «ማር ያፈሰሰው ማነው?» ብላ ልጆቹ ላይ ጮኸች። ነካሁት፤ ይሙለጨለጫል፣ ጣፋጭ ሽታ አለው። ግላይኮል! ውሃው ይደርቃል፣ እሱ ይቀራል። እኔ መሬት ላይ ኩሬ ስፈልግ ምንጣፉ እየጠጣው ኖሯል።

ግን ከየትኛው መጋጠሚያ? ማሞቂያውን አስነስቼ ሁሉንም በጣቴ ዳሰስኩ፣ ደረቅ። እዚህ ላይ ነው ጋራዡም እኔም የተሞኘነው። ማታ በየመጋጠሚያው ስር ሶፍት አነጠፍኩ፣ ማሞቂያውን አጥፍቼ (ቤተሰቡ ብርድ ልብስ ውስጥ እያጉረመረመ) ተኛሁ። ጠዋት ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ያለው ሶፍት በፈሳሹ ቀለም ሮዝ ሆኖ ጠበቀኝ። የጎማ ቱቦው ሲበርድ ይኮማተራል፤ ቱቦውን መጋጠሚያው ላይ አጥብቆ የሚይዘው ባለቪት ፋሼታ (የብረት ቀለበት) ግን ባለበት ይቀራል፣ መሃሉ ይላላል። ሲሞቅ ጎማው ተመልሶ ያብጥና ይዘጋዋል። እኛ ሁልጊዜ የምናየው አሙቀን ነበር።

22 ፋሼታ ነበረው። ሁሉንም ከጎማው ጋር አብሮ በሚጠብና በሚሰፋ ባለስፕሪንግ ለወጥኩ። ከታንከሩ ጀርባ ያለውን ለማግኘት እጄን እስከ ትከሻዬ አስገብቼ፣ በአንድ ፒንሳ፣ ሁለት ሰዓት። ቦይለር ይቀየር ላልከኝ ሰውዬ፦ ለሁሉም ያወጣሁት አንተ ለምርመራ ብቻ ከጠየቅኸው ያነሰ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር ሆነው። ጠርሙሷ ከጥፍር ቀለሙ ጋር እኩል ናት። የሳሎኑ ፓምፕ ሰሞኑን እንደ ንብ እዝዝ ማለት ጀምሯል፣ አልወደድኩትም። አሁንም ሻጩ ፊቴ ቢቆም የምለው አላጣም። ግን ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬ «ሽጠህ ተገላገል» ሲለኝ ተናደድኩበት። 22ቱን ፋሼታ አንድ በአንድ ካጠበቅኩ በኋላ ለማን ልሽጠው?