ከማረጥ በኋላ ሆርሞን፦ ክኒኑ፣ ፓቹ፣ ጄሉ ወይስ ክሬሙ?

እኩለ ሌሊት ላይ ጋቢዬን ገፍቼ መስኮት የምከፍትባቸው ወራት ነበሩ። ባለቤቴ በብርድ ይንቀጠቀጣል፣ እኔ በላብ ርሼ ትራሱን እገለብጣለሁ። እዚህ አሜሪካ ሐኪሜ ሆርሞን እንድጀምር ስትነግረኝ አንድ መድኃኒት ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ዓይነቱ ብዙ ነው።

ከሁሉ በፊት ማህፀን አለሽ ወይስ በቀዶ ጥገና ወጥቷል? ካለሽ ኤስትሮጅን (ላቡን የሚያቆመው ዋናው የሴት ሆርሞን) ብቻውን መውሰድ የለብሽም፤ የማህፀንን የውስጥ ግድግዳ እያወፈረ ለካንሰር ሊዳርግ ስለሚችል ፕሮጄስትሮን የሚባል ሌላ ሆርሞን አብሮ ይታዘዛል። ፕሮሜትሪየም የሚባለው የፕሮጄስትሮን መድኃኒት ያስተኛል፣ ስለዚህ ማታ ነው የሚዋጠው። ለእኔ ይሄ ራሱ ትርፍ ሆነልኝ። ግን የኦቾሎኒ ዘይት አለበት፣ አለርጂ ካለብሽ ተናገሪ።

ክኒኑ ቀላል ነው፣ በቀን አንድ ነው። ችግሩ የተዋጠ ኤስትሮጅን መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ያልፋል፣ እዚያም ደም የሚያረጉ ነገሮች እንዲበዙ ያደርጋል፤ የደም መርጋት ስጋቱ ከፍ የሚለው በዚህ ነው። ፕሪማሪን የሚባለው የኤስትሮጅን ክኒን ደግሞ የሚሠራው ከእርጉዝ ፈረስ ሽንት ነው። ስሰማ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ክኒኑን አየሁት፣ ሳቄ ቆመ።

ፓቹ እንደ ፕላስተር የሚለጠፍ ነው፤ ኤስትሮጅኑ በቆዳ በኩል በቀጥታ ደም ውስጥ ይገባል። በተለመደው መጠን እንደ ክኒኑ የደም መርጋት ስጋትን ሲጨምር አልታየም። እንደ ዓይነቱ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ይቀየራል። ከእምብርት በታች ወይም መቀመጫ ላይ ይለጠፋል፣ ቦታውን እየቀያየርሽ፤ ጡት ላይ ግን በፍጹም። እኔ የመረጥኩት ይሄንን ነው፣ ግን እንከን የለውም አልልም። ቅባት የነካው ገላ ላይ አይያዝም፣ ቆዳ ያሳክካል፣ ጠርዙ የልብስ ብናኝ ይሰበስብና ጥቁር ክብ ትቶ ይሄዳል (የምግብ ዘይት ያስለቅቀዋል)።

ፓች ካሳከከሽ ጄል አለ። በየቀኑ ትቀቢዋለሽ። እስኪደርቅ ግን ልጅ አትቀፊ፣ ወደ ልጁም ይተላለፋል።

ብልት ውስጥ የሚቀባው የኤስትሮጅን ክሬም ሌላ ጉዳይ ነው። ወላፈኑን፣ ያንን ድንገተኛ ሙቀትና ላብ፣ አያቆምም። የብልት መድረቅ፣ በግንኙነት ጊዜ ሕመም ወይም የሚመላለስ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ብቻ ከሆነ ችግርሽ እሱ ይበቃሻል፤ ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ነው። ይሄን ለሐኪም መንገር እናፍራለን፣ ከዚያ ዓመት ሙሉ ዝም ብለን እንሰቃያለን።

ብዙ ሴቶች ሆርሞን የጡት ካንሰር ያመጣል ብለው ይፈራሉ። ፍርሃቱ የመጣው በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከተቋረጠ ትልቅ ጥናት ነው። የሴቶቹ አማካይ ዕድሜ 63 ነበር፣ የወሰዱትም ያንን የፈረስ ኤስትሮጅንና ሰው ሠራሽ ፕሮጄስትሮን በክኒን ነው። የጡት ካንሰር በዓመት ከ10,000 ሴቶች በ8 ያህል ጨመረ። ትንሽ ነው፣ ግን ዜሮ አይደለም። ከ60 ዓመት በታች ከሆንሽ ወይም ካረጥሽ 10 ዓመት ካልሞላሽ፣ ሌላ ከባድ በሽታም ከሌለብሽ፣ ብዙ ጊዜ ጥቅሙ ያመዝናል።

የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት፣ ስትሮክ፣ ሃርት አታክ ወይም የጉበት በሽታ ይዞሽ ከሆነ ግን በራስሽ እንዳትጀምሪ። ካረጥሽ በኋላ ደም ካየሽም መጀመሪያ ምርመራ። ሆርሞን ለማይሆናት ሴት ከ2023 ጀምሮ ቬኦዛ የሚባል ክኒን አለ፤ ሆርሞን አይደለም፣ የጉበት ምርመራ ግን ይፈልጋል።

ፓች ከወሰድሽ፣ ያነሳሽውን ለሁለት አጥፈሽ ጣይ። መድኃኒቱ ሁሉ አላለቀም፣ ልጅ እንዳያገኘው።